የእህት ኩባንያዎችን ልቀት ስንደምር አንዱን ጭስ ሁለቴ እንዳንቆጥር፦ ጥያቄና መልስ

የሲሚንቶ፣ የጭነት ትራንስፖርትና የመጋዘን ድርጅቶችን በአንድ እናት ኩባንያ ሥር በያዘ ቤት ውስጥ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት መረጃ የማጠቃልለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሥራ ጠይቁኝ ብዬ ነበርና የመጡትን ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ አምስት እህት ኩባንያዎች የየራሳቸውን ኤክሴል ልከውልኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ኤክሴሎቹን ለጊዜው ወደ ጎን አድርግና የባለቤትነት ሰነዶቹን አስመጣ። የትኛው የማን ነው፣ በስንት በመቶ፣ ማንስ ያስተዳድረዋል? እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ በ2004 የተሻሻለው የጂኤችጂ ፕሮቶኮል (ኩባንያዎች ልቀታቸውን የሚቆጥሩበት ዓለም አቀፍ ደንብ) መመሪያ ሦስት መንገድ ይሰጥሃል፦ በአክሲዮን ድርሻ (በያዝከው በመቶ ልክ)፣ በፋይናንስ ቁጥጥር (የገንዘብ ፖሊሲውን የሚወስነው) ወይም በሥራ አመራር ቁጥጥር (ዕለታዊ አሠራሩን የሚመራው)። አንዱን ምረጥና አምስቱንም በእሱ ብቻ አስኪዳቸው። እኔ ካየኋቸው ድርብ ቆጠራዎች አብዛኞቹ የተወለዱት እዚህ ጋ ነው። በአንድ ወቅት ሁለት እህት ኩባንያዎች በጋራ የያዙትን ፋብሪካ ሁለቱም ሙሉውን ልከውልኝ ነበር። የነቃሁት በሁለቱ ሺቶች ላይ የናፍጣው ሊትር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ ሆኖ ሳየው ነው።

ጥያቄ፦ በሽርክና የያዝነው ፋብሪካ አለ። ድርሻችን 40 በመቶ ነው፣ የሚያስተዳድሩት ግን ሸሪኮቻችን ናቸው። በዓመት 10,000 ቶን ቢለቅ ስንቱ የእኛ ነው?

መልስ፦ በአክሲዮን ድርሻ ከሆነ 4,000። በሥራ አመራር ቁጥጥር ከሆነ ዜሮ፤ ድርሻችሁ ስኮፕ 3 (ሌሎች የሚለቁት፣ ግን ከእናንተ ሥራ ጋር የተያያዘ ልቀት) ውስጥ በኢንቨስትመንት ምድብ ይታያል። በፋይናንስ ቁጥጥር ከሆነ ደግሞ ቁጥጥሩ የጋራ መሆን አለመሆኑ ይታያል፤ የጋራ ከሆነ 4,000 ትይዛላችሁ። እናንተ በድርሻ፣ እነሱ በሥራ አመራር ብትሄዱ በሁለቱ ሪፖርት 14,000 ቶን ይወጣል። ስለዚህ የሽርክና ውሉ ላይ የልቀት አቆጣጠሩን አንድ አንቀጽ ጻፉለት።

ጥያቄ፦ አንዱ እህት ኩባንያ ከራሱ ጄኔሬተር ለአጥር ጎረቤቱ እህት ኩባንያ ኤሌክትሪክ ይሸጣል። ማን ይቁጠረው?

መልስ፦ ሁለቱም፣ ግን በየራሳቸው ሪፖርት። ጄኔሬተሩ 1,000 ሊትር ናፍጣ ቢያቃጥል 2.7 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ራሱ ያቃጠለው ስለሆነ ባለ ጄኔሬተሩ ሙሉውን ስኮፕ 1 (የራስ ቀጥተኛ ልቀት) ላይ ይጽፋል። ግማሹን ኤሌክትሪክ የገዛው ጎረቤት ደግሞ 1.35 ቶን ስኮፕ 2 (ከተገዛ ኤሌክትሪክ የሚመጣ ልቀት) ላይ ይጽፋል። እናት ኩባንያው ጋ ሲመጣ የሚቀረው 2.7 ብቻ ነው። ሂሳብ ክፍል የእርስ በርስ ሽያጭን እንደሚሰርዘው ማለት ነው። ጎረቤቱ ከወሰናችሁ ውጭ የሆነ ድርጅት ከሆነ ግን የሚሰረዝ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጎረቤቱ የገዛውን ኪሎዋት ሰዓት በብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ የልቀት መጠን (በአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚወጣው ጋዝ) ካባዛው፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ስለሆነ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ያገኛል። ያኔ የምትሰርዘው መስመር ከሻጩ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ሻጩ ከደረሰኙ ጋር የጄኔሬተሩን የልቀት መጠን አብሮ ይላክ። እኔ በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ከማን» እና «ለማን» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አስገድጄ አስሞላለሁ። እነሱ ከሌሉ በዓመቱ መጨረሻ የእርስ በርሱን ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

ክሊንከርም (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ) እንደዚሁ ነው። አንድ ቶን ክሊንከር ሲመረት ነዳጁን ሳንቆጥር ከኖራ ድንጋዩ ብቻ 0.52 ቶን ገደማ ይወጣል። የሚፈጨው እህት ፋብሪካ «የተገዛ ዕቃ» ብሎ ስኮፕ 3 ላይ ይይዘዋል። በቡድን ደረጃ ይህ መስመር ይወጣል።

ጥያቄ፦ ስኮፕ 3 በተፈጥሮው ድርብ ቆጠራ ነው ይባላል። ታዲያ ምን ያስጨንቀናል?

መልስ፦ በተለያዩ ኩባንያዎች መካከል እውነት ነው፤ የአንድ ከባድ መኪና ጭስ ለባለመኪናው ስኮፕ 1፣ ለጫኚው ስኮፕ 3 ነው። በአንድ ቡድን ሪፖርት ውስጥ ግን መኪናውም ጭነቱም የእናንተ ከሆኑ ሁለቴ መታየት የለበትም። የሚያስጨንቀኝም ለዚህ ነው፤ ያበጠ ቁጥር ላይ የተመሠረተ የቅነሳ ዕቅድ ሠራተኛውን በከንቱ ያደክማል።

ጥያቄ፦ እናት ኩባንያችን አውሮፓ ነው፤ የሚጠይቁን ከጥር እስከ ታኅሣሥ በእነሱ አቆጣጠር ነው። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል።

መልስ፦ የዓመት ድምር አትላኩ። ሐምሌ 1 በእነሱ ጁላይ 8 ስለሆነ ወሮቹም አይገጥሙም። ቆጣሪው የተነበበበትንና ናፍጣው የተቀዳበትን ቀን ላኩ። ጳጉሜን ተጠንቀቁ! መጋዘኑ ከነሐሴ ጋር፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ከመስከረም ጋር ሲደምራት የአምስት ቀን ናፍጣ ሁለቴ ገብቶ አግኝቻለሁ።

ጥያቄ፦ የውሃ ፍጆታንስ ስንደምር?

መልስ፦ ያው ነው። የጉድጓዱ ባለቤት ከመሬት ያወጣውን ይቆጥራል፤ በቧንቧ የተቀበለው እህት ኩባንያ ከእህት ኩባንያ የመጣ መሆኑን ይጽፋል፣ የቡድኑ ድምር ሲሠራ ይቀነሳል።

ጥያቄ፦ በዓመቱ አጋማሽ አንድ ፋብሪካ ገዛን። ሻጩም በሪፖርቱ ሊያስገባው ነው።

መልስ፦ ሻጩ እስከ ርክክቡ ቀን፣ እናንተ ከዚያ ወዲህ። የመነሻ ዓመታችሁን (ቅነሳችሁን የምትለኩበትን ዓመት) ቁጥር ግን ፋብሪካው ያኔም የእናንተ እንደነበረ አድርጋችሁ እንደገና አስሉት፤ ያለዚያ በግዢ የመጣው ልቀት የጨመራችሁት ይመስላል። በርክክቡ ቀን የመብራት ቆጣሪውን ንባብና በናፍጣ ታንከሩ ውስጥ የቀረውን ሊትር በቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ሁለቱንም ወገን አስፈርሙ።