የክትባት ካርድ ለጠፋባት እህቴ

«ልጄን ኬጂ ላስመዘግብ ብሄድ የክትባት ካርድ አምጪ አሉኝ፤ ካርዱ ቤት ስንቀይር ጠፍቷል፤ እንደ አዲስ ሊከተብ ነው?» ላልሽው እህቴ፦ አምና ነሐሴ ላይ እኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እንደ አዲስ አይጀመርም። የተመዘገበው ይያዝለታል፣ የጎደለው ብቻ ይሞላል።

ልጄን የወለድኩት ሻሸመኔ ነው። ሐዋሳ ከመጣን ወዲህ ሦስት ቤት ስለቀየርን ካርዱ የትኛው ካርቶን ውስጥ እንደቀረ እግዜር ይወቀው። ጎረቤቴ «የእኔን ልጅ ካርድ ኮፒ አድርጊና ስሙን በፍሉድ አጥፊው» አለችኝ። አልዋሽሽም፣ አንድ ቀን ሙሉ አስቤበታለሁ፤ ግን ተውኩት።

ካርዱ ቢጠፋም የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ አለው። በሚኒባስ ሻሸመኔ ሄድኩና ከነርሷ ጋር በጣት እየተከተልን ግማሽ ሰዓት ፈለግን። የልጄ ስም የለም። ለካ ሲወለድ ስም ስላላወጣንለት በእኔ ስም ሥር «ቤቢ» ተብሎ ነው የተጻፈው! አንቺም የልደት ቀኑንና የራስሽን ሙሉ ስም ንገሪያቸው፣ በልጁ ስም ብቻ አትፈልጊ።

ረድፉ ላይ ቢሲጂው፣ ሲወለድ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት፣ አለ፣ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱ አለ፣ የ9 ወሩ ኩፍኝም አለ። የመጨረሻዋ ሳጥን ባዶ ናት፦ የ15 ወሩ፣ ሁለተኛው ኩፍኝ። «ኧረ ጨርሷል!» ብዬ ተከራከርኩ። በታላላቆቼ ልጆች ጊዜ እውነትም በ9 ወር ነበር የሚያልቀው፤ ሁለተኛው የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ነርሷ እንዳስረዳችኝ በ9 ወር የሚሰጠው ከ100 ልጅ 85 ገደማውን ነው ከበሽታው የሚጠብቀው፤ ለቀሩት የሚደርስላቸው ሁለተኛው ነው። ኩፍኝ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ስለሆነ አንድ ክፍል ውስጥ የታጨቁ የኬጂ ልጆችን አስቢያቸው። ትምህርት ቤቱ ካርድ ሲጠይቀኝ የተናደድኩት ንዴት እዚያው በረደልኝ።

«በዘመቻ ወስዷል» ብለሽ ደግሞ አትዘናጊ። ቤት ለቤት የፖሊዮ ጠብታ ሲሰጡት ጣቱ ላይ ቀለም ይቀቡታል እንጂ ጠብታው የመደበኛውን ክትባት ቦታ አይተካም። የተቅማጡ፣ ሮታ የሚሉት፣ ጎድሎ ከተገኘ ግን አትጨነቂ፤ የሕፃንነት ዕድሜ ካለፈ አይሰጥም።

የጎደለውን የተወጋው እዚሁ ሐዋሳ ነው፣ ያለ ክፍያ። ግን ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፣ ያውም በባጃጅ ከአቶቴ ሰፈር! የኩፍኙ አንድ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው፤ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ ልጆች እስኪሰበሰቡ ይጠብቃሉ ወይም ቀን ለይተው ይሰጣሉ። ይህንን በር ላይ ቢለጥፉት ምን ነበረበት? አንቺ ቀድመሽ «ኩፍኝ የሚሰጠው መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከሳምንት በኋላ ትንሽ አተኮሰው፤ እንደሚመጣ ነግረውኝ ስለነበር አልደነገጥኩም።

አዲሱን ካርድ ከመዝገቡ ገልብጠው፣ ማኅተም አድርገው ሰጡኝ፣ ትምህርት ቤቱም ኮፒውን ተቀበለኝ። ከፊትም ከኋላም በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለባሌም ልኬለታለሁ።

የአንቺ ልጅ የተከተበው እዚሁ ነው ወይስ ሌላ ከተማ? እዚሁ ከሆነ ጠዋት በጊዜ ሂጂ፣ ልጁንም ይዘሽው፤ የጎደለ ከተገኘና የሚሰጥበት ቀን ከሆነ በዚያው ይወጋል።