ጥያቄና መልስ፦ የፖሊኔዥያ ቋንቋዎችና ባህሎች ዝምድና

መምህር፦ ጥያቄ ክፍት ነው፤ ርዕሳችን ፖሊኔዥያ ነው፣ የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች። መጀመሪያ ግን አጻጻፌን ልብ በሉ። እነዚህ ቋንቋዎች ጉሮሮን ዘግቶ የሚለቀቅ ተነባቢ አላቸው፤ እሱን በዐይኑ «ዐ» እጽፈዋለሁ፣ ተራውን አናባቢ በአልፋው «አ»። «ንግ» ስጽፍ አንድ የአፍንጫ ድምፅ ነው፣ «ገ» ለብቻዋ አትሰማም። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ቃል ስለተመሳሰለ ዘመድ አይባልም። ዝምድና የሚታወቀው ልዩነቱ ሕግ ሲኖረው ነው። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ እናንተም ደጋግማችሁ ትረሱታላችሁ።

የጣና ልጅ፦ መምህር፣ ሃዋይና ኒው ዚላንድ ያን ያህል ተራርቀው ቋንቋቸው አንድ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መምህር፦ አንድ አይደለም፣ ዘመድ ነው። ማስረጃው ይኸው። «ሰው» በቶንጋ፣ በሳሞአና በማኦሪ (የኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ ቋንቋ) ታንጋታ ነው፤ በታሂቲ ታዓታ፣ በሃዋይ ካናካ። «ቤት» በቶንጋና በሳሞአ ፋሌ፣ በማኦሪና በታሂቲ ፋሬ፣ በሃዋይ ሃሌ፣ በራፓ ኑይ (የፋሲካ ደሴት) ሃሬ። «ዓሣ» በቶንጋና በማኦሪ ኢካ፣ በሳሞአ፣ በታሂቲና በሃዋይ ኢዓ። «ታንኳ» በቶንጋ ቫካ፣ በማኦሪ ዋካ፣ በሳሞአና በታሂቲ ቫዓ፣ በሃዋይ ዋዓ።

አሁን ከማኦሪ ወደ ሃዋይ ለመሻገር እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ «ከ» ያለበትን ሁሉ «ዐ» አድርገው። ቀጥሎ «ተ»ን ወደ «ከ»፣ «ንግ»ን ወደ «ነ»፣ «ረ»ን ወደ «ለ»፣ «ፈ»ን ወደ «ሀ» ለውጥ። «መ»፣ «ነ»፣ «ፐ» እና «ወ» ባሉበት ይቆያሉ። ኮሬሮ (ንግግር) ዖሌሎ ሆነ። ታንጋታም ካናካ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። «ተ»ን ቀድመህ «ከ» ካደረግህ ሁለተኛው ሕግ አዲሷን «ከ» ይበላታል። በማኦሪ ቅርጫት ኬቴ ነው። በትክክለኛው ተራ ኬቴ፣ ዔቴ፣ ዔኬ ይሆናል፤ ሃዋይም ከረጢትን ዔኬ ይላል። ተራውን ብታዛባ ኬቴ፣ ኬኬ፣ ዔዔ ይመጣል፤ ዔዔ ደግሞ በሃዋይ «ወጣ፣ ተሳፈረ» ማለት ነው፣ ከቅርጫት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ታሪኩም በዚሁ ተራ ነው የሄደው፤ «ከ» ቦታዋን ለቀቀች፣ ከዚያ «ተ» ገባችበት።

እሌኒ፦ ኮከብን ሞክሬ አልሠራልኝም። ማኦሪው ፌቱ ነው፣ በሕጉ ሄኩ መሆን ነበረበት። መዝገበ ቃላቱ ግን ሆኩ ይላል።

መምህር፦ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው የምፈልገው። ተነባቢዎቹን ተመልከቺ፦ «ፈ» ወደ «ሀ»፣ «ተ» ወደ «ከ»፣ ሁለቱም ሕጉን ጠብቀዋል። ያፈነገጠችው አናባቢዋ ናት፣ «ኤ» ወደ «ኦ» ዞራለች። አናባቢ አልፎ አልፎ ያፈነግጣል፤ ተነባቢው እስከጸና ድረስ ቃሉ ዘመድ ነው። የቶንጋው ፌቱዑ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት «ኡ»ዎች ማኦሪ ላይ ተዋህደው አንድ ረጅም ሆነዋል።

ቡና በጠዋት፦ ስለ ፖሊኔዥያ ባህል በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መምህር፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። አንድ ነገር መርጠህ ጠይቅ።

አንኮበሬው፦ መምህር፣ ማኦሪ ፀሐይን «ራ» ይላል። የግብፁ የፀሐይ አምላክም ራ ነው። «ማቴ» ደግሞ ሞተ ማለት ነው፣ ከእኛው «ሞተ» ጋር አንድ ነው። ከአባይ ሸለቆ የሄዱ አይመስልዎትም?

መምህር፦ አይመስለኝም። አንድ በአንድ እንየው።

ቶንጋ ፀሐይን ላዓ ይላል፣ ራፓ ኑይ ራዓ። ስለዚህ የጥንቱ ቃል በ«ለ» ይጀምር ነበር፣ መሀሉም ላይ ተነባቢ ነበረው። ማኦሪ የመሀሉን ጥሎ «ለ»ን «ረ» አደረገ። አንተ የያዝከው የለውጡን መጨረሻ ነው፤ ከግብፅ ጋር ማነጻጸር ካለብህ ላዓን አቅርብ።

«ሞተ» ሥሩ ም-ው-ት ነው፣ «መ» የሥሩ አካል ናት። በእነዚያኞቹ ግን «መ» ቅጥያ ናት። በጥንቱ ቋንቋ እሷ ወጥታ «ፐ» ስትገባ «ገደለ» ይሆናል፤ የፊሊፒንሱ ታጋሎግ ዛሬም ሟችን ፓታይ ይለዋል። «መ»ን ስታነሳት ከአማርኛው ጋር የሚመሳሰለው ምን ቀረህ?

ሌላም አለ። ሃዋይ 8 ተነባቢና 5 አናባቢ ብቻ ነው ያለው። ድምፃቸው እንዲህ ካነሰ ቋንቋዎች አጫጭር ቃል እየመረጥህ ከፈለግኸው ቋንቋ ጋር ማዛመድ ትችላለህ። ከላይ ያልኩትን ማስጠንቀቂያ መልሰህ አንብብ።

አንኮበሬው፦ የግብፁም ቃል እኮ መጨረሻው ላይ ዐይን አለው። የቶንጋው ላዓም ዐይን አለው። ራስዎ ጻፉት!

የጣና ልጅ፦ ወንድሜ፣ ዐይኗን መምህሩ ለአጻጻፍ ብለው ያመጧት ናት። የቶንጋው ድምፅ የጉሮሮ መዝጊያ ነው እንጂ የግዕዝ ዐይን አይደለም።

አንኮበሬው፦ እናንተ ፈረንጅ ያላለውን አትቀበሉም።

ፍሬው፦ ቀይ ባሕርን መሻገር አቅቷቸው ነው ሰላማዊ ውቅያኖስን የሚሻገሩት?

መምህር፦ በቃ። አንኮበሬው፣ አንድ ጥንድ ሳይሆን ሕግ አምጣ፦ የግብፅ «ረ» በቶንጋ ሁልጊዜ «ለ» ትሆናለች በልና 20 ቃል ደርድር። እስከዚያው ይህ ጉዳይ ተዘግቷል።

ፍሬው፦ እሺ ከየት መጡ ታዲያ? ከደቡብ አሜሪካ ነው የሚል አንብቤያለሁ።

መምህር፦ ከታይዋን፣ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በፊሊፒንስና በኒው ጊኒ ዳርቻ በኩል። ላፒታ የሚባለውን ጥርስ መሰል ንቅሳት ያለበት ሸክላ እየጣሉ ሄደዋል፤ ቶንጋ የደረሱት ከ2,800 ዓመት ገደማ በፊት ነው። እዚያና ሳሞአ አካባቢ ከ1,500 ዓመት በላይ ተቀመጡ። የጋራ ቋንቋቸው የበሰለው በዚህ ዕረፍት ነው። ምሥራቁን ያዳረሱት ከ1000 ዓ.ም. ወዲህ ሲሆን ኒው ዚላንድ የገቡት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ኮን-ቲኪ የተባለችው ከበልሳ ግንድ የተሠራች ተንሳፋፊ በ1947 ከፔሩ ተነስታ በ101 ቀን ደሴት መድረሷ በተሳሰረ የበልሳ ግንድ መንሳፈፍ እንደሚቻል ያሳያል፣ ሌላ ምንም አያሳይም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ስኳር ድንች ነው። ማኦሪ ኩማራ፣ ቶንጋ ኩማላ፣ ሃዋይ ዑአላ፤ በአንዲስ ተራሮች ከሚጠራበት ስም ጋር ይቀራረባል። በ2020 የወጣ የዘረመል ጥናትም በ1200 አካባቢ የሁለቱ ሕዝቦች ደም መገናኘቱን አሳይቷል። ግንኙነት ነበር፤ ምንጭ ግን አይደለም።

ቤዛ፦ ታሂቲ «ሁለት»ን ፒቲ ይላል፣ ብዙዎቹ ሩአ ወይም ሉአ ይላሉ። ሕጉ የት ሄደ?

መምህር፦ ሕጉ አልተሰበረም፣ ቃሉ ተከለከለ። በታሂቲ የንጉሥ ስም ውስጥ ያለ ክፍለ ቃል በተራ ንግግር አይጠራም ነበር። ፖማሬ የሚል ስም ሲነግሥ «ፖ» (ሌሊት) በሩዒ፣ «ማሬ» (ሳል) በሆታ ተተኩ። ውኃ ከቫይ ወደ ፓፔ፣ አራት ወደ ማሃ፣ አምስት ከሪማ ወደ ፓኤ ሄዱ። እጅ ግን ዛሬም ሪማ ነው። በዚህ ምክንያት ታሂቲን በቁጥሮች ብቻ የሚመዝን ሰው ከእውነቱ በላይ ሩቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ቁጥር ለጀማሪ ጥሩ ይመስላል፣ ለታሂቲ አይሠራም።

ዝምተኛው፦ የንቅሳቱና የሃካ ጭፈራ ትርጉም ምንድን ነው?

መምህር፦ ሃካ የሁሉም አይደለም፣ የማኦሪ ነው፤ ቶንጋና ሳሞአ የራሳቸው አላቸው። ንቅሳት ሰፊ ነው፣ ሌላ ሰው ይመልስ።

ዝምተኛው፦ ያለ ኮምፓስ እንዴት ተጓዙ?

መምህር፦ በኮከብ መውጫና በማዕበል አቅጣጫ። የባሕር ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ፦ በ1976 ሆኩሌዓ የተባለችው ታንኳ ከሃዋይ ታሂቲ ስትደርስ መሪዋ ማው ፒያይሉግ ነበር፣ እሱም ፖሊኔዥያዊ ሳይሆን የማይክሮኔዥያ ሰው ነው። ሙያው በሃዋይ ጠፍቶ ስለነበር ከዚያ መጣ።

ቤዛ፦ ምግባቸውስ? በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት የመሬት ውስጥ ምድጃ አለ ይባላል።

መምህር፦ አለ፣ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ቶንጋ ዑሙ፣ ሳሞአና ማኦሪ ኡሙ፣ ሃዋይ ኢሙ። አሠራሩ፦ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ እንጨት ይነደዳል፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላዩ ይደረደራል። ድንጋዩ ሲግል ያልነደደው ጉማጅ ይለቀማል፤ ከቀረ ጭሱ ምግቡን መራራ ያደርገዋል። ከዚያ ቅጠል፣ ምግብ፣ እንደገና ቅጠል፣ በላዩ ምንጣፍና አፈር። እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ ከታየ ወዲያው አፈር ይጨመርበታል፣ ካልሆነ መሀሉ ጥሬ ይቀራል። ውኃ የጠጣ የወንዝ ድንጋይ ፈንድቶ ሰው ይጎዳል። ሳሞአ ጉድጓድ አይቆፍርም፣ ድንጋዩን መሬት ላይ ነው የሚከምረው።

በታንኳ ጭነው የሚወስዱትም ይመሳሰላል፦ አሳማ፣ ውሻ፣ ዶሮ፣ አይጥ፣ ጎደሬ፣ ቦዬ። ግን ሁሉም በሁሉም ቦታ አልጸናም። ሃዋይ አራቱም እንስሳት አሉት፣ ኒው ዚላንድ ውሻና አይጥ ብቻ፣ ራፓ ኑይ ዶሮና አይጥ። ኮኮናትና ሙዝ ለኒው ዚላንድ ብርድ አልሆኑም፤ ስኳር ድንቹም ክረምቱን በጉድጓድ ጎተራ ካልተቀመጠ ይበሰብሳል። ካቫ (ሥሩ ለመጠጥ የሚሆን ተክል) ስላልበቀለላቸው ማኦሪዎች ስሙን ለሚመስለው ቅጠል ሰጥተው ካዋካዋ አሉት። ባህሉ «ጎደለ» ከማለታችሁ በፊት አየሩን እዩ።

እሌኒ፦ ማኦሪዎች የመጣንበት አገር የሚሉት ሃዋይኪ የት ነው?

መምህር፦ ካርታ ላይ አትፈልጊው፣ ስሙን ፈልጊው። ማኦሪ ሃዋይኪ፣ የሳሞአ ትልቁ ደሴት ሳቫይዒ፣ በታሂቲ አቅራቢያ ያለው የራያቴያ ደሴት የጥንት ስም ሃቫይዒ፣ ሃዋይ ራሱ ሃዋይዒ። የ«ከ» እና «ዐ» ሕግ እዚህም አለ። ሰዎች የሄዱበትን ቦታ በመጡበት ስም ጠሩት።

ቡና በጠዋት፦ ማኦሪና ሃዋይ ሲነጋገሩ ይግባባሉ?

መምህር፦ ለየጣና ልጅ የመለስኩትን ላይ ሂደህ አንብብ። ሙሉ በሙሉ አይግባቡም። ለታሂቲ አካባቢና ለማኦሪ ግን ማስረጃ አለ፦ በ1769 ከእንግሊዛዊው መርከበኛ ከኩክ መርከብ ጋር የሄደው የራያቴያው ቱፓያ ከማኦሪዎች ጋር ያለ አስተርጓሚ ተነጋግሯል። ቶንጋን ከሃዋይ አቀራርበህ ይህን አትጠብቅ።

ፍሬው፦ ማዳጋስካርም ፖሊኔዥያ ነው አይደል? ቁጥራቸው አንድ ነው።

አንኮበሬው፦ ይኸው! አፍሪካ አለችበት!

መምህር፦ ማዳጋስካር የታላቁ የአውስትሮኔዥያ ቤተሰብ ነው፣ የፖሊኔዥያ ቅርንጫፍ ግን አይደለም። ቅርብ ዘመዱ ቦርኔዮ ውስጥ ነው። ቴሎ (ሦስት)፣ ፊቶ (ሰባት)፣ ቫሎ (ስምንት) ከቶንጋው ቶሉ፣ ፊቱ፣ ቫሉ ጋር ይሄዳሉ፣ ምክንያቱም የአንድ አያት ልጆች ናቸው። አቅጣጫው ግን ከእስያ ወደ አፍሪካ ነው፣ አንኮበሬው።

እሌኒ፦ «የእኔ» ለማለት ሁለት ቃል አላቸው ይባላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መምህር፦ ከጥንቱ ቋንቋ የተወረሰ ነው። በሃዋይ ካዑ እና ኮዑ። ካዑ ኬይኪ፣ ልጄ፤ ኮዑ ማኩአ፣ ወላጄ። ሰው «አካል በኦ፣ ንብረት በአ» ብሎ ይሸመድድና ቤትና ታንኳ ላይ ይወድቃል፤ ሁለቱም በ«ኦ» ናቸው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ግንኙነቱን የጀመርሽው አንቺ ነሽ? ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ምግብ «አ»። ወላጅ፣ አለቃ፣ የሚሸከምሽና የሚሸፍንሽ ነገር (ታንኳ፣ ቤት፣ ልብስ) «ኦ»። ካዑ ሜሌ ያልሽ እንደሆነ የደረስሽው ዘፈን ነው፤ ኮዑ ሜሌ ካልሽ ስለ አንቺ የተደረሰ።

የጣና ልጅ፦ መምህር፣ ነፋስን ሠርቻለሁ፦ ማታንጊ፣ ማካንጊ።

መምህር፦ «ንግ»ን ረሳህ። ማካኒ። ታሂቲ ደግሞ «ተ»ን አይነካም፣ «ንግ»ን ወደ «ዐ» ይወስዳል፦ ማታዒ።

የጣና ልጅ፦ ከማኦሪ ወደ ቶንጋ የሚወስደውንም ሕግ ይስጡን።

መምህር፦ አይሰጥም፣ በዚያ አቅጣጫ አይሠራም። በጥንቱ ቋንቋ «ለ» እና «ረ» የተለያዩ ነበሩ። ቶንጋ «ረ»ን ጨርሶ ጣለ፣ «ለ»ን ጠበቀ፤ ማኦሪ ሁለቱን ደባለቀ። ስለዚህ የማኦሪው ራንጊ (ሰማይ) በቶንጋ ላንጊ ሲሆን፣ ሩአ (ሁለት) ግን ኡአ ነው፣ ሮንጎ (ሰማ) ኦንጎ። ማኦሪውን ብቻ ይዘህ የትኛው «ረ» እንደሚጠፋ የትኛው «ለ» እንደሚሆን ማወቅ አትችልም፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሀ፣ ሐ እና ኀን በጆሮ ለይቶ መጻፍ እንደማይችለው ነው። የጥንቱን «ሀ»ም ቶንጋ ይዟል፦ ዘጠኝ በቶንጋ ሂቫ ነው፣ በማኦሪ ኢዋ። ከቶንጋ ተነስ፦ የጥንቱን «ሀ» ጣል፣ «ለ»ን ወደ «ረ»፣ «ቨ»ን ወደ «ወ» ለውጥ። የጠፋውን «ረ» ግን ቶንጋም አይሰጥህም፤ እሱን ከሳሞአ ወይም ከማኦሪ ታመጣለህ። ለዚህ ነው በአንድ ቋንቋ ብቻ አትሥሩ የምለው።