መልስ፦ እማዬ በዙም ሙዚቃ ሲከፈትላት ለምን ትረበሻለች?

እህቴ፣ አራት ኪሎ ያሉት እናትሽ የመርሳት ሕመም ስላለባቸው ሙዚቃውን ጠሉት ማለት አይደለም። የቪዲዮ ጥሪ መተግበሪያው ዙም በቀጥታ የሚጫወትላቸውን ክራር እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆራርጠዋል፤ ክራር አጫዋቹ ከዙም የድምፅ ማስተካከያ «ኦሪጅናል ሳውንድ» (ድምፁን ሳያጣራ እንዳለ የሚያስተላልፈውን) የሚለውን ያብራ። ድምፁ ስለሚዘገይ በኢንተርኔት አብሮ መዝፈን አይገጥምም። ማይካችሁን ዝጉና አንቺ ከጎናቸው ሆነሽ አዚሚላቸው፣ እጃቸውን ይዘሽ እያጨበጨብሽ። ስፒከሩ ፊት ለፊታቸው ይሁን፤ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። በወጣትነታቸው የሚወዱትን ምረጪ፣ መዝሙርም ቢሆን። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል፤ ብዙ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች አመሻሽ ላይ ስለሚረበሹ ጠዋት ይሻላል። በቀጥታ ሳይሆን የተቀዳ ዘፈን ከኢንተርኔት ስትከፍቺላቸው ደግሞ፣ ኔትወርክ ሲቆረጥ ወይ ማስታወቂያ ዘሎ ሲገባ ይደነግጣሉና ዘፈኖቹን ቀድመሽ አውርጂ። በትዝታ እንባ ቢመጣ አትደንግጪ፤ ፊታቸው ተኮሳትሮ ልብሳቸውን መጎተት ከጀመሩ ግን ድምፁን ቀስ እያደረግሽ ቀንሺና አቁሚ።