ቄራ ሥር ያለውን ቤት እንግዛ ወይስ ይቅርብን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከምሥራቅ ጎጃም ነው፤ የከተማችን ስም ይቅር። እኔም ባለቤቴም መምህራን ነን። ኪራይ አንገፍግፎናል። አሁን በአቅማችን አንድ ቤት ተገኘ። 200 ካሬ ነው፤ የጭቃ ቤት ቢሆንም አያያዙ ደህና ነው። ግቢው ውስጥ የውኃ ጉድጓድ አለው። ችግሩ ከቄራው ዝቅ ብሎ መሆኑ ነው። መሃላቸው ያለችው አንዲት ፈፋ ብቻ ናት። በዚህ ጾም ሁለቴ ከሰዓት በኋላ ሄደን አየነው፤ ምንም አልሸተተንም። ደላላው ‹‹ቄራው በቅርቡ ይነሳል፤ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፤ ቶሎ ቀብድ ጣሉ›› እያለ ያጣድፈናል። ባለቤቴ ልቡ ሄዷል። አብራን የምትኖረው እናቴ አስም አለባት፤ ‹‹እኔ እዚያ አልገባም›› ብላለች። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እታለም፣ ከሁሉ በፊት ቀብድ እንዳትሰጡ። የቀረውን ቀስ ብለን እናወራለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል ይላል። ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ‹‹እስክናስብበት ይያዝልን›› ብላችሁ የምትጥሉት ብር እዚያው ይቀራል።

እኔ በአካባቢ ጤና ባለሙያነት ጎጃም ውስጥ ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። ቄራ መፈተሽም ሥራዬ ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ‹‹በዚህ ጾም›› ያልሽው ላይ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤቶቻችን ይዘጋሉ። የሙስሊሙ እርድ ስላለ ቄራው ጨርሶ ባይቆምም ሥራው በጣም ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ የሄዳችሁት ከሰዓት በኋላ ነው። የቄራ ሥራ የሌሊት ሥራ ነው። ከብቱ ማታ ይገባል፣ ሌሊት ይታረዳል፣ ሥጋው ሳይነጋ ተጭኖ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ወለሉ ታጥቦ፣ ሠራተኛው ቤቱ ገብቶ ነው የምታገኙት።

ቤቱን ማየት ያለባችሁ ከፋሲካ በኋላ ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ቄራው ሌሊት ሌሊት ሥራ ይበዛበታል። ያኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሂዱ። ሰዓቱን እንዲሁ አልመረጥኩትም። በደጋ አገራችን ሌሊት ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከብድና እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈሳል። የጮቄ ግርጌ ገበሬ ውርጭ ረባዳውን አስቀድሞ እንደሚመታ ያውቃል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሽታውም አብሮ ይወርዳል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ሲሞቅ ይበተናል። ከቄራ ዝቅ ያለ ቤት ክፉ ሰዓቱ ንጋት ነው።

ትኩስ ሥጋ እንኳ ያን ያህል አይሸትም። የሚሸተው ደምና ፈርስ አንድ ላይ ተጠራቅሞ ሲበሰብስና ቆዳ ሳይነሳ ሲከርም ነው። ስለዚህ ቄራ ሁሉ አንድ አይደለም። ደሙን ለብቻው የሚይዝ፣ ፈርሱን በየቀኑ የሚያስነሳ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱን የሚከድን ከሆነ በአጠገቡ ሰው በሰላም ይኖራል። ካልሆነ ግን ኑሮው ከባድ ነው። ለሥራ የገባሁበት አንድ ቤት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። እመቤቲቱ የቡሆ ዕቃዋን አፍ በጨርቅ ጠፍራ አስራ፣ በላዩ ፌስታል ደርባ ድንጋይ ጭናበታለች። ፌስታሉ ከዝንብ ብዛት ጠቁሯል። ሌማቱን ጭስ ያለበት ምድጃ አጠገብ ነው የምታስቀምጠው። በጠራራ ፀሐይ በርና መስኮት ዘግተው ነው ምሳ የሚበሉት። ስለ ሽታው ስጠይቃት ‹‹ኧረ ለምደነዋል›› አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አፍንጫ ይለምዳል።

ስለዚህ ጎረቤት ስትጠይቂ ‹‹ይሸታል ወይ?›› አትበያቸው። የሊጥ ዕቃቸውን እዪ። ክረምት ላይ ፍሳሹ ሞልቶ ፈፋዋን ይሻገር እንደሆነ ጠይቂ። ሌሊት ጅብና ውሻ ይሰበሰብ እንደሆነም ጠይቂ፤ አንቺ ሌሊት የሚነሳ ሕፃን ልትይዢ ነው። ከተቻለ ከባለቤት ይልቅ ተከራይ ጠይቂ። ባለቤት የሰፈሩ ዋጋ እንዳይወርድበት ይሰጋል።

ከሽታው ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ የውኃ ጉድጓዱ ነው። ከላይ ደምና ፈርስ የሚሰርግበት መሬት አለ፤ ከሥሩ እናንተ የምትቀዱት ውኃ አለ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ቆሻሻውን በስንጥቁ ይዞ ይወርዳል። ‹‹እናፈላዋለን›› እንዳትሉኝ። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ከብስባሹ ወደ ውኃው የሚገባውን ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ግን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ያጠነክረዋል። ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊግራም ሲያልፍ፣ ዱቄት ወተት በዚያ ውኃ ለሚበጠበጥለት ጨቅላ አደገኛ ነው። የደሙን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ይቀንስበታል። ይህን ቀለምም ሽታም አይነግርሽም። ውኃው በቤተ ሙከራ ይመርመር፤ ቢቻል አንዴ አሁን፣ አንዴ ዝናብ ከጣለ በኋላ።

‹‹ቄራው ይነሳል›› የሚለውን ከደላላ አፍ አትቀበሉ። ማዘጋጃ ቤት ሂዱና የከተማውን መዋቅራዊ ፕላን አሳዩን በሉ። ቦታው ለሌላ አገልግሎት ተመድቧል? ለአዲሱ ቄራ ቦታ ተሰጥቶ ግንባታ ተጀምሯል? ካልተጀመረ ዋጋውን ቄራው እንዳለ አድርጋችሁ አስሉት። ባለቤትሽ በቅናሹ ደስ ብሎት ይሆናል። ነገ እናንተ ስትሸጡም ገዢው ያንኑ ቅናሽ ይጠይቃችኋል።

ሕግ አለ፤ አልክድም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለንብረት በጭስ፣ በመጥፎ ሽታና በጩኸት ጎረቤቱን ከመጠን በላይ እንዳያውክ ይከለክላል። ስለ አካባቢ ብክለት ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ግን አራስ ሆነሽ፣ ልጅ ታቅፈሽ በየቢሮው ስትመላለሺ ማየት አልፈልግም።

እናትሽን ስሟቸው። ኃይለኛ ሽታ አስም ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ቀንድና አጥንት የሚቃጠልበት ከሆነ ጭሱ ይብስባቸዋል። ደግሞ እናንተ ትምህርት ቤት ስትውሉ ቀኑን ሙሉ እዚያ ቤት የሚቀመጡት እሳቸውና ሕፃኑ ናቸው።

በጻፍሽልኝ ልክ ከሆነ እኔ ይህን ቤት አልገዛም። ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲገኝ ነው፦ ግቢው ውስጥ የቧንቧ ውኃ መግባቱና በበዓለ ሃምሳ ንጋት ላይ ቆማችሁ አየሩ ንጹሕ ሆኖ ማግኘታችሁ። ሻጩ እስከዚያ ልጠብቅ ካለ ጥሩ ነው። አልጠብቅም ካለ ለሌላው ይሽጥ። የውኃውን ውጤት ካገኘሽ ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።