መንግሥት ውለዱ ቢል ማን ይወልዳል?

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤት ኪራይ ስጽፍ “በዚህ ኪራይ ማን ልጅ ይወልዳል?” ብዬ አንዲት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ከጽሑፉ ሁሉ ሰው ያነጋገረችው እሷ ሆነች። ከመጡት ጥያቄዎች አምስቱን መርጫለሁ። በድሬ ደንብ “አንተ” እና “አንቺ” ነው የምለው። ሁለቱን ትልልቅ ሰዎች ግን አንቱ እላለሁ፤ የእናቴ ቁጣ እዚህም ይደርሳል። የውጭ አገሮቹ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

“እኔ ሰባት ወልጃለሁ። ልጄ ሁለት ወልዳ በቃኝ አለች። ጤና ጣቢያ መመላለስ ከጀመረች ወዲህ ነው። መንግሥት ከልክሏት ይሆን?” (እናት፣ ከሳቢያን)

የለም እማማ፣ ማንም አልከለከላትም። አገራችን ውስጥ የልጅ ቁጥር የሚገድብ ሕግ የለም። ያለው በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ ነው። ያኔ አንዲት ሴት በአማካይ 7.7 ልጅ ትወልድ ነበር። ፖሊሲው ይህን በፈረንጆቹ 2015 ወደ 4 ለማውረድ አቀደ። ቅጣት አላመጣም። ሴት ልጅ ትማር፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይቅር፣ የወሊድ መከላከያው በቅርብ ይገኝ ነው ያለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል ስለሆነ ያ ሕግ በቀጥታ ይሠራባታል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርዎት። በፈረንጆቹ 2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አማካዩ 4.6 ነበር። ድሬዳዋ 3.1፣ ሐረሪ 4.1፣ አዲስ አበባ 1.8፣ ሶማሌ ክልል 7.2። የሶማሌ ክልሏ ሽንሌ ከእኛ ምን ያህል ትርቃለች? ፖሊሲው ለሁሉም አንድ ነው፤ ቁጥሩ ግን ሰማይና ምድር። ስለዚህ የልጅዎን ነገር በጤና ጣቢያው አያሳብቡ። ኪራዩን፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን፣ የሞግዚቷን ደሞዝ ቆጥራ ይሆናል። እርስዎ ሰባቱን ሲያሳድጉ የግቢው ሴት ሁሉ ዓይኗን ትጥልልዎ ነበር። ለእሷ ማን አለላት?

“ፈረንጅ አገር ልጅ ስትወልድ ብር ይሰጥሃል ይባላል። አቦ፣ እኛ ጋ ቢሆን አስር እወልድ ነበር! እውነት ነው?” (የባጃጅ ሹፌር፣ ከከዚራ)

እውነት ነው። ሃንጋሪን ተመልከት። ከ2020 ጀምሮ አራትና ከዚያ በላይ ልጅ ያሳደገች እናት ከሥራ ገቢዋ ላይ ዕድሜ ልኳን የገቢ ግብር አትከፍልም። ወጣት ባለትዳሮች እስከ 11 ሚሊዮን ፎሪንት ብድር ያገኛሉ፤ ሦስት ልጅ ከወለዱ ዕዳው ይሰረዝላቸዋል። ውጤቱስ? በ2010 አካባቢ 1.2 ገደማ የነበረው አማካይ በ2021 ወደ 1.6 ወጣ። ሁሉም አጨበጨበ። በ2024 ተመልሶ ወደ 1.4 ወረደ።

ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ለዓመታት ገንዘብ አፍስሳ በ2023 0.72 ላይ ደረሰች። በአማካይ ለአንዲት ሴት አንድ ልጅ እንኳ አልሞላም ማለት ነው። የሚያስቀው፣ ያው የኮሪያ መንግሥት በ1960ዎቹና በ70ዎቹ “አሳንሳችሁ ውለዱ” እያለ ሲሰብክ ነበር። ሲንጋፖርም በ1970ዎቹ “ሁለት ይበቃል” ብላ፣ ልጅ በጨመረ ቁጥር የማዋለጃ ክፍያ እየጨመረች ቆይታ፣ በ1987 “አቅሙ ያላችሁ ሦስትም ከዚያም በላይ ውለዱ” አለች። ሰው ግን አንዴ ትንሽ ቤተሰብ ለምዷል።

ብሩ ለምን አይሠራም? በእኔ ግምት፣ ከርሞ ሊወልድ ያሰበውን ዘንድሮ ያስወልደዋል እንጂ ያላሰበውን አያሳስበውም። ጉርሻው የወተት ወጪ ይሸፍን ይሆናል፤ ልጁ ግን ሃያ ዓመት ይበላል። ትንሽ የተሻለ የሠራው ለረጅም ጊዜ የሚዘልቀው ነገር ነው፤ የሕፃናት ማቆያና የወላጆች ፈቃድ። ስዊድን ለሁለቱ ወላጆች 480 ቀን ትሰጣለች፤ ከዚያ ውስጥ 90ው ለአባት ብቻ፣ 90ው ለእናት ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ቁጥሩ ሰሞኑን ወርዷል።

ደግሞ አስሩን የምትወልደው አንተ አይደለህም። ሚስትህን ጠይቀሃል?

“ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ስድስት ወሬ ነው። ፋብሪካ እሠራለሁ። አለቃዬ ‘ማታ ፈረቃ ካልገባሽ ተሰናበቺ’ አለኝ። ምን ላድርግ?” (ሠራተኛ፣ ከድሬዳዋ)

እህቴ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጎንሽ ነው። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይቻልም። ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ። ከመውለድሽ በፊት 30 ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዝሽ ታርፊያለሽ። እርጉዝ ሳለሽና ከወለድሽ እስከ አራት ወር ድረስ ማሰናበትም ክልክል ነው፤ በሕጉ ከተዘረዘሩ፣ ከእርግዝናው ጋር ካልተያያዙ ምክንያቶች በቀር። የሐኪም ማስረጃሽን ያዢ። ያለሽን በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂው። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ድምፃቸው ይለዝባል። ካልሆነ ወደ ሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ሂጂ፤ ማኅበር ካላችሁም ለብቻሽ አትሂጂ።

ያንቺ አለቃ መንግሥት አይደለም፤ ግን ከማንኛውም የወሊድ ፖሊሲ በላይ እየሠራ ነው። ጎንሽ ያለችው ልጅ ይህን አይታ እርግዝናዋን ለሌላ ጊዜ ታስተላልፋለች።

ባልሽም በዚያው ሕግ ሦስት ቀን ፈቃድ አለው። እኔም ደርሶኛል። አንዱን ቀን ሆስፒታል ወንበር ላይ፣ ሁለተኛውን ለገንፎው ቅቤ ፍለጋ ቀፊራ ገበያ አሳለፍኩት። ሦስተኛውን ተኛሁበት፤ ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

“አምስት ልጆች አሉኝ። ከደሞዜ ግብር ይቀነስልኛል?” (መምህር)

አይቀነስልህም። የኛ የደሞዝ ግብር የሚያየው ደሞዝህን ብቻ ነው፤ አንተም ላጤውም እኩል ናችሁ። ፈረንሳይ ከ1945 ጀምሮ ልጆቹን ቆጥራ ግብሩን ታቃልላለች። ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ከ1941 ጀምሮ ልጅ ከሌለው ወንድ እስከ 6 በመቶ ትቆርጥ ነበር። እኛ ጋ ልጆችህን የሚቆጥርልህ ጡረታው ነው። ያውም አንተ ስትሞት።

“ሕዝቡ በዛ፣ ውኃ የለም፣ መሬት የለም። እንደ ቻይና ‘አንድ ልጅ ብቻ’ ተብሎ ቢታወጅ ምናለ?” (አባት፣ ከሐረር ጀጎል)

አባባ፣ ብስጭትዎ ይገባኛል። ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሁሉ ይገባዋል። ግን ሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ተጠያቂው የሰው ብዛት ብቻ አልነበረም። ፓምፑም፣ ከተራራው የሚወርደው ደለልም ነበሩበት።

ቻይና ከ1980 እስከ 2015 አንድ ልጅ ብላ አስገደደች። ከ2016 ሁለት፣ ከ2021 ሦስት ፈቀደች። ከ2022 ጀምሮ ሕዝቧ እየቀነሰ ነው። በ2025 ከሦስት ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ በዓመት 3,600 ዩዋን ልከፍል አለች። የቀጣው መንግሥት ለማኝ ሆነ። ሕንድ በ1976 አንድ ዓመት ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ ወንዶችን አመከነች፤ ብዙዎቹ ተገደው ነበር። በ1977 ምርጫ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ ወደቁ።

በተቃራኒው ያስገደደችም አለች። ሩማኒያ በ1966 ውርጃን ከለከለች። በአንድ ዓመት አማካዩ ከ1.9 ወደ 3.7 ዘለለ። ከዚያ ሴቶቹ መውጫውን በድብቅ ፈለጉ፤ ስንቶቹ በዚያው ቀሩ። ማሳደጊያዎቹ በተጣሉ ልጆች ሞሉ። አዋጁ የተሻረው በ1989 የአገሪቱ መሪ ቻውቼስኩ ሲወድቁ ነው።

ኢራን ግን በገጠር ጤና ኬላዎችና ለሙሽሮች በምትሰጠው ትምህርት ከ6 በላይ የነበረውን አማካይ በሃያ ዓመት ገደማ ወደ 2 አወረደችው። አሁን እሷም ጸጽቷት “ውለዱ” ትላለች። የሚሰማት አላገኘችም።

በነገራችን ላይ አባባ፣ ስንት ልጆች እንዳሉዎት ደብዳቤዎ ላይ አልጻፉም።