የዛፍ ቅርፊት የሚመስለው ፎንቴ ሲያንስ ለምን ይደበዝዛል? (መልስ)

ፎንትህ ሲያንስ የሚደበዝዘውም፣ ፎንቱን የምትሠራበት ፕሮግራም የሚንቀራፈፈውም በአንድ ምክንያት ነው፦ እንዳልከው የቅርፊቱን ፎቶ በቀጥታ ወደ ቬክተር (በነጥብና በመስመር ወደሚሠራ ሥዕል) ለውጠህ ፊደሉን ሞልተኸዋል። ስንጥቆቹን ከፊደሉ ሆድ አውጣና ጠርዙ ላይ ብቻ አሳያቸው።

ፊደሉን የምትስልበት ሰሌዳ ቁመቱ 1000 ዩኒት (የፎንት መለኪያ) ከሆነ፣ በ16 ፒክስል መጠን አንድ ፒክስል 62 ዩኒት ያህል ይይዛል። 10 ዩኒት የምትሰፋ ስንጥቅ እዚያ ላይ ግራጫ ጭጋግ ከመሆን አታልፍም።

1. መጀመሪያ «በ»፣ «ሀ»፣ «መ» እና «ረ»ን ያለ ምንም ሸካራነት ሳል። የእግሩ ውፍረት እዚህ ይወሰን።
2. ከቅርፊቱ ሁለት ባሕርይ ብቻ ምረጥ፤ ለምሳሌ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅና የተገነጠለ ጫፍ። በእጅህ፣ በጥቂት ነጥቦች ሥራቸው።
3. አንዱን ስንጥቅ ገልብጠህ ሁሉም ላይ አትለጥፍ። ያው ጠባሳ ሲደጋገም ማኅተም ይመስላል። ቶሎ ቶሎ ለሚመጡት ፊደላት ተለዋጭ ቅርፅ ሠርተህ በኦፕንታይፕ (ፎንቱ ቅርፆችን በራሱ እንዲቀያይር በሚያደርገው የፎንት አሠራር) አፈራርቃቸው። አድካሚ ነው፣ ግን በትልቅ ርዕስ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ በሥራ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነው። በእኛ ፊደል ከጠርዝ የወጣች እሾህ ጌጥ ብቻ ሆና አትቀርም። ከ«በ» ቀኝ እግር መሃል ከወጣች «ቡ»፣ ከግርጌው ከወጣች «ቢ» ተብላ ትነበባለች። የተገነጠለው ጫፍም እግሩን ካሳጠረው፣ ግራው ሲያጥር «ባ»፣ ቀኙ ሲያጥር «ቦ» ይሆንብሃል። ስለዚህ የእግሮቹን ርዝመት አትንካ፣ የቀኙን የውጭ ጠርዝ ለስላሳ ተወው፤ ሸካራውን ወደ እግሮቹ የውስጥ ጠርዝ አዙረው።