የሒሳብ ተማሪ ከክላስ ውጪ ምን ይሥራ? መምህሩን ጠይቁ

3ኛ ዓመት (ጎንደር)፦ ሰላም መምህር። ለማስተርስ እንዲጠቅመኝ ከክላስ ውጪ ምን ልሥራ?

መምህሩ፦ የንባብ ቡድን! አራት ሆናችሁ አንድ መጽሐፍ ምረጡ፤ በየሳምንቱ ተራ የደረሰው ሰሌዳ ላይ ይውጣ። «ግልጽ ነው» ባለ ቁጥር አስቁሙት። በቀደም አንዷ ተማሪዬ «ኮንቲኒየስ ፋንክሽን ባውንድድ ነው» (ከተወሰነ ልክ አያልፍም) ብላ ልታልፍ ስትል ጓደኛዋ «ከ0 እስከ 1፣ ጫፎቹ ሳይጨመሩ፣ 1 ሲካፈል ለኤክስስ? ወደ 0 ሲጠጋ ያለ ልክ ያድጋል!» አላት። ጠመኔዋን እንደያዘች ቀረች። «ክሎዝድ ኢንተርቫል» (ጫፎቹ የተጨመሩበት) የሚለውን ከዚያ ወዲህ ዘላው አታውቅም። ለኤይምስም (አፍሪካ ውስጥ በሒሳብ ማስተርስ የሚሰጥ ተቋም) ሆነ ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ላለው አይሲቲፒ (ዓለም አቀፍ የፊዚክስና የሒሳብ ማዕከል) ስታመለክቱ የድጋፍ ደብዳቤ ትጠየቃላችሁ። ሰሌዳ ላይ አይቼው ለማላውቅ ልጅ «ጎበዝ ነው» ከማለት ሌላ ምን ልጻፍ?

ኤፕሲሎን፦ 2ኛ ዓመት ነኝ። ኤይምስ አሁን ማመልከት እችላለሁ?

መምህሩ፦ አትችልም፤ ማስተርስ ነው። «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን መጀመሪያ አንብቡ።

የሜሪላንዷ፦ እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ነኝ፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ፑትናም ይሻለኛል ወይስ አርኢዩ?

መምህሩ፦ ሁለቱንም ሞክሪ። አርኢዩ በሰመር እየተከፈለሽ ምርምር የምትሠሪበት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጀት ያለባቸው ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ስለሚጠይቁ አንቺ ትችያለሽ፤ ማን ማመልከት እንደሚችል ግን በየፕሮግራሙ አንብቢ። ፑትናም የኮሌጅ ተማሪዎች የሒሳብ ውድድር ነው፤ በዲሴምበር መጀመሪያ ይካሄዳል፤ 12 ጥያቄ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ከ120 ይታረማል። ግማሹ ተፈታኝ 0 ወይም 1 ብቻ ያገኘባቸው ዓመታት አሉ፤ 10 ካመጣሽ ደግሺ።

ባለፓይተን፦ ውድድር ጊዜ ማባከን ነው። ኮድ ተምሮ ሥራ መያዝ ይሻላል።

ኤፕሲሎን፦ ታዲያ ሶፍትዌር አትገባም ነበር?

ባለፓይተን፦ ምደባ ነዋ ወንድሜ! ማን ወዶ ሒሳብ ገባ?

3ኛ ዓመት (ጎንደር)፦ እኔ ወድጄ ነው የገባሁት!

መምህሩ፦ የምደባ ሮሮ ሌላ ቀን። ፓይተን ተማሩ፣ ማን ከለከለ።

ዴልታ፦ እኛስ ኢትዮጵያ ያለነው የምንወዳደርበት የለም?

መምህሩ፦ በ1994 እ.ኤ.አ. ቡልጋሪያ ላይ የተጀመረው አይኤምሲ አለ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ውድድር ነው። ወጪው ከባድ ነው። ባትሄዱም የቀድሞ ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ። ሁለት ቀን፣ በቀን አምስት ጥያቄ በአምስት ሰዓት። ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት። መልሱን ቶሎ የከፈተ ግን አልሠራውም።

ስም የለሽ፦ ዕድል ካለ ጠቁሙን።

መምህሩ፦ የምን ዕድል? ስንተኛ ዓመት ነህ?

ስም የለሽ፦ 2ኛ። ኤይምስ ይሆናል?

መምህሩ፦ ወደ ላይ አንብብ!

3ኛ ዓመት (ጎንደር)፦ መምህር፣ አራት ሰው አላገኘሁም። ሁለት ነን።

መምህሩ፦ ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ክላስ አይጠፋም፤ ጠመኔ ይዛችሁ ግቡ።